ካች፣ ግራብ ወይስ ካፕቸር? የእንግሊዝኛን የመያዝ ግሦች ለይቶ የመጠቀም መመሪያ

ፖሊስ ሌባ ይይዛል። በረኛ ኳስ ይይዛል። ድመት አይጥ ትይዛለች። ልጁን ጉንፋን ይይዘዋል። እኛም ወደ መርካቶ ታክሲ እንይዛለን። አማርኛ ይህን ሁሉ «ያዘ» በሚል አንድ ግሥ ይወጣዋል።

እንግሊዝኛም እንዲህ ያለ ሁለገብ ግሥ አለው፤ «ካች» ይባላል። ከካች አጠገብ ግን «ካፕቸር» አለ፣ «ሲዝ» አለ፣ «ግራብ» አለ፣ «ስናች» አለ። «ትራፕ»፣ «ኔት»፣ «ሁክ»፣ «አሬስት»፣ «ናብ» እያለ ይቀጥላል። የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ለአብዛኞቹ የምታገኙት ፍቺ ብዙ ጊዜ ያው «ያዘ» ነው። ስለዚህ ተማሪው የመጣለትን አንሥቶ ይጽፋል። ሰዋስው ልክ ሆኖ ዓረፍተ ነገሩ የሚያስቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

የተመሳሳይ ቃላት ዝርዝር መሸምደድ አይጠቅምም ባይ ነኝ። ዝርዝሩ ቃላቱ እንደሚቀራረቡ ይነግራችኋል፤ የት እንደሚለያዩ ግን አይነግራችሁም። የሚሻለው ጠቅላላውን ግሥ ከላይ አስቀምጦ እያንዳንዱ ዝርዝር ግሥ ምን እንደሚጨምርበት መጠየቅ ነው። ለዚህ አንድ ወረቀትና አንድ የእንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይበቃል። ለተማሪ የተዘጋጁት የኦክስፎርድ፣ የሎንግማንና የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። ፍቺያቸው በቀላል ቃላት ስለሚጻፍ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ደረጃ 1፦ በፍቺው ውስጥ ያለውን ዋና ግሥ ፈልጉ

የምትፈልጉትን ቃል አውጡና ፍቺው የቆመበትን ግሥ አስምሩበት። ለምሳሌ ኔት የሚለውን ግሥ ብታዩ ፍቺው በመረብ ካች ማድረግ ወደሚል ይመጣል። ሁክ በመንጠቆ፣ ትራፕ በወጥመድ ካች ማድረግ ነው። ስኔርም እንዲሁ፤ እሱ አሽክላ ነው። አራቱም ላይ ያሰመራችሁት ካችን ስለሆነ በወረቀታችሁ ላይ ከካች ሥር ጻፏቸው።

አሁን ግራብን አውጡ። ፍቺው በእጅ፣ በድንገት ወይም በኃይል መውሰድ ወይም መጨበጥ የሚል ነው። ያሰመራችሁበት ግሥ ካች አይደለም፤ «ቴክ» ወይም «ሆልድ» ነው። ስለዚህ ግራብ ከካች ሥር አይገባም። ሌላ ዓምድ ይከፈትለታል።

ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ስህተት የሚመጣው ግን ከዚህ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሲኒ ግራብ ይደረጋል እንጂ ካች አይደረግም። ከጠረጴዛው ተንሸራቶ ሲወድቅ አየር ላይ ብታገኙት ካች አደረጋችሁት። ካች ውስጥ እንቅስቃሴ አለ። የሚያዘው ነገር ይወድቃል፣ ይበራል፣ ይሮጣል ወይም ሊያመልጥ ነው። ባስ ካች የሚባለውም ስለሚሄድ ነው፤ ትንሽ ከዘገያችሁ ያመልጣችኋል።

የቃሉ ታሪክም ይህንኑ ያግዛል። ካች ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከሰሜን ፈረንሳይ ንግግር ነው፤ መጀመሪያ ማሳደድና ማደን ማለት ነበር። ማሳደድ የሚለው «ቼዝ» ከዚያው ሥር በሌላ የፈረንሳይኛ ንግግር በኩል የመጣ የሥጋ ዘመዱ ነው። የሁለቱም ሥር በላቲን መውሰድ ማለት ነው። ካፕቸርም ከዚያው ይወለዳል።

ጠቅላላና ዝርዝር ግሦችን እንዲህ ከላይ ወደ ታች መደርደር ቋንቋ አጥኚዎችም የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ዎርድኔት የተባለው የእንግሊዝኛ ቃላት ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ1985 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቦና ምሁሩ ጆርጅ ሚለር መሪነት ተጀመረ። እዚያ ግሦች የሚደረደሩት ይህኛው ግሥ ያንኛውን በሆነ መንገድ ማድረግ ነው በሚል ዝምድና ነው። ዝርዝሩን ግሥ «ትሮፖኒም» ይሉታል። ስሙን አለማወቅ ምንም አይጎዳም፤ ዘዴውን ብቻ ውሰዱ።

ደረጃ 2፦ በ«ባዶ እጅ» ፈትኑት

አንዳንድ ግሥ የመያዝ ይመስልና የመሞከር ሆኖ ይገኛል። ይህን ለመለየት ከግሡ ቀጥሎ «ግን ምንም አልያዘም» የሚል ጨምሩበት። ዓረፍተ ነገሩ ከራሱ ጋር ከተጣላ ግሡ መያዝን ያረጋገጠ ነው። ካልተጣላ ሙከራ ብቻ ነው።

በአማርኛ እንጀምር። «ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምድ ዋለ፣ ግን ምንም አልያዘም» ይባላል፤ የዝዋይ አጥማጅ በክፉ ቀኑ የሚለው ነው። «ዓሣ ያዘ፣ ግን ምንም አልያዘም» አይባልም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ፊሽ» የሚለው ግሥ ዓሣ ማጥመድ እንጂ ዓሣ መያዝ አይደለም። «ሃንት» እና ቼዝም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አድኖ ባዶ እጅ መመለስ ይቻላል። ኔት እና ትራፕ ግን ፈተናውን አያልፉም። አይጧ ትራፕ ከተደረገች ተይዛለች፤ አለቀ።

ሁክ መሐል ላይ ይንጠለጠላል። ዓሣ አጥማጆች አንድ ትልቅ ዓሣ ሁክ አድርጌ ነበር፣ አመለጠኝ ማለት ይወዳሉ። ዓሣው መንጠቆውን ነክሷል፤ ከውኃ ግን አልወጣም። ከውኃ ወጥቶ እጅ ሲገባ ግሡ «ላንድ» ይሆናል። ስለዚህ ሁክ መነሻው፣ ላንድ መድረሻው ነው። በሁለቱ መካከል ስንትና ስንት ዓሣ አምልጧል!

ፊሽን ካነሣን አይቀር፣ እንግሊዝኛ የእንስሳውን ስም እንዳለ ወስዶ ግሥ ማድረግ ይወዳል። ሽሪምፕ፣ ክራብ፣ ዌል፣ ራት፣ ማውስ ሁሉም ያንኑ እንስሳ ማደን ወይም ማጥመድ የሚል ግሥ ይሆናሉ። አብዛኞቹ እንደ ፊሽ የሙከራ ግሦች ናቸው። በለንደን ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10፣ በብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሚኖረው ላሪ የተባለው ድመት የማዕረግ ስሙ «ቺፍ ማውሰር» ነው፤ ዋና አይጥ አዳኝ እንበለው። ማዕረጉ ማደኑን እንጂ መያዙን አያረጋግጥም። የእንግሊዝ ጋዜጦችም በዚህ ጉዳይ ላሪን ሲያሾፉበት ኖረዋል።

ግራብ እና ስናች ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ተጠንቀቁ። ከኋላቸው «አት» ከመጣች ትርጉሙ ወደ ሙከራ ይወርዳል። ግራብ ብቻውን መጨበጥ ነው። ግራብ አት ደግሞ ለመጨበጥ እጅን መሰንዘር ነው፤ ይሳካም አይሳካም።

ደረጃ 3፦ ምን እንደጨመረ ጠይቁ

ከካች ሥርም ከጎኑም የቀሩትን ግሦች አንድ በአንድ ውሰዱና ከጠቅላላው ግሥ በላይ ምን እንደያዙ ጻፉ። መሣሪያ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ መረብ፣ መንጠቆ፣ ወጥመድ፣ አሽክላ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ትራፕ ላይ ብቻ ቆም በሉ። ሊፍት ውስጥ የቀረ ሰው ትራፕድ ነው ይባላል፤ ወጥመድ ያጠመደለት ግን የለም። መውጫ አጣ ማለት ብቻ ነው።

ስናች ፍጥነትንና ሳይጠየቅ መውሰድን ይጨምራል። አማርኛ እዚህ ላይ «ነጠቀ» እና «መነተፈ» አሉት፤ ሞባይል ከእጃችሁ ላፍ አድርጎ የሮጠው ልጅ ያደረገው ስናች ነው። ባግ ደግሞ የአዳኝ ቃል ነው። የተያዘውንም የተገደለውንም እንስሳ ይቆጥራል። ስለዚህ ሕያው እንስሳ ለጥናት ይዞ ምልክት አስሮ ለለቀቀ ባለሙያ ባግ ብትሉ ገደለው ያሰኛል። ለሱ ካፕቸር ነው።

የበለጠ ጊዜ የሚገባቸው ሥልጣን ያለባቸው ግሦች ናቸው። ሌባን ጎረቤትም ካች ሊያደርገው ይችላል። ተማሪ ሲኮርጅ በመምህር ካች ይደረጋል፤ እኛ እጅ ከፍንጅ ተያዘ እንላለን። አሬስት ለማለት ግን ከኋላ ሕግ መኖር አለበት። የፈረንሳይኛ መነሻው ማስቆም ማለት ነው፤ ልብ መምታት ሲያቆም ሐኪሞች ካርዲያክ አሬስት የሚሉት ለዚህ ነው። «ዲቴይን» ይዞ ማቆየት ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለጥያቄ የቆየ ሰው ዲቴይን ተደርጎ ሊሆን ይችላል፤ አሬስት ተደርጓል ማለት ግን አይደለም። «አፕሪሄንድ» የሕግና የሪፖርት ቃል ነው። የአሜሪካ ድንበር ጠባቂዎች ቁጥር ሲያወጡ የሚጠቀሙት ከዚህ የወጣውን ስም ነው።

ይህ ልዩነት ቅጽ ሲሞላ ዋጋ አለው። የአሜሪካ የቪዛ ማመልከቻ ቅጾች አሬስት ተደርገህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህ ብለው ይጠይቃሉ። ዲቪ የደረሳቸውም ይህን ጥያቄ ያገኙታል። ጥያቄው ካች የሚለውን አላነሣም። ተፈርዶብሃል ብቻም አላለም፤ በሁለቱ መካከል «ወይም» አለ። ያጋጠማችሁ ነገር ከየትኛው ቃል እንደሚገባ ካልለየላችሁ በግምት አትሙሉ፤ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

ሲዝም ሥልጣን አለበት፤ ከፈረንሳይ የመሬት ይዞታ ሕግ የመጣ ቃል ነው። ፖሊስ ሰውየውን አሬስት ያደርጋል፣ ዕቃውን ሲዝ ያደርጋል። ጉምሩክ የኮንትሮባንድ ልብስ ሲይዝ ሲዝ ነው። ልብስ አሬስት ተደረገ ካላችሁ ጃኬቱ ካቴና የገባለት ይመስላል። ሲዝ ለሥልጣንም ይሆናል፤ መንግሥት በኃይል የያዙ ወታደሮች የሚባሉት ሲዝ አደረጉ ነው።

ካፕቸር የጦርነትና የአደን ነው። ከተማ፣ ወታደር፣ ያመለጠ እስረኛ፣ የዱር እንስሳ ካፕቸር ይደረጋሉ። አማርኛው «ማረከ» ነው ብትሉ ብዙ አትሳሳቱም። እንዲያውም ልቤን ማረከው የምንለውን ያህል እንግሊዝኛም ከምርኮኛ «ካፕቲቬት» የሚል አውጥቷል። ካፕቸር ዛሬ ፎቶ፣ ድምፅና ዳታንም ይይዛል። የስልካችሁ ስክሪን ላይ ያለውን ስታስቀሩ ስክሪን ካፕቸር ነው።

ደረጃ 4፦ ቃሉ ማን አፍ ላይ እንደሚያምር ተመልከቱ

ሁለት ግሦች አንድ ነገር ይናገሩና አንዱ የቢሮ፣ አንዱ የመንገድ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 13 ቀን 2003 ሳዳም ሁሴን በትውልድ አካባቢው በቲክሪት አጠገብ ተያዘ። የዜና ማሠራጫዎች የጻፉት ካፕቸርን ነበር። በማግስቱ በባግዳድ መግለጫ የሰጡት አሜሪካዊው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር ግን «ዊ ጎት ሂም» (አገኘነው) ነበር ያሉት። ያገኘነው ሁሉ የሚገባበትን፣ ከካች እንኳ ሰፋ ያለውን «ጌት» መረጡ። ጋዜጣው ዝርዝሩን፣ ሰውየው ጠቅላላውን። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደስታ ሲበዛ ሰው ወደ ሰፊው ግሥ ይመለሳል መሰለኝ።

ናብ አጭር ስለሆነ ጋዜጦች ለርዕስ ይወዱታል። ትርጉሙ ከአሬስት ጋር ይቀራረባል፤ ቃናው ግን «ለቀም አደረገው» ዓይነት ነው። እንግሊዞች «ኒክ» ይላሉ፤ አስቸጋሪው ነገር ኒክ መስረቅም መሆኑ ነው። አሜሪካኖች በተለይ ለአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ «ባስት» ይላሉ። እነዚህን ስትሰሙ ተረዷቸው። ለማመልከቻና ለሪፖርት ግን አሬስት ይበቃችኋል።

ደረጃ 5፦ በእግር ኳስ ተለማመዱ

የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በእንግሊዝኛ ኮሜንታሪ የምታዩ ከሆነ ነፃ ትምህርት ቤት አላችሁ። ወረቀቱን ይዛችሁ ተቀመጡና በረኛው ኳስ በነካ ቁጥር ኮሜንታተሩ ያለውን ግሥ ጻፉ።

«ሴቭ» ከሁሉም ሰፊ ነው። ጎል አልገባም ማለት እንጂ ኳሱ ተያዘ ማለት አይደለም። ካች ካለ ኳሱ በሁለት እጅ ገብቷል። «ፓሪ» ካለ መልሶታል፤ ኳሱ አሁንም ሜዳ ላይ ነው፣ አጥቂው ሊያገኘው ይችላል። «ፐንች» በቦክስ ማውጣት ነው። «ክሌም» ለተሻማ ኳስ ነው፤ ወጥቶ ከሰው መሐል ከአየር ላይ ያዘው ማለት ነው። «ስፒል» ሲባል ተጠንቀቁ፤ ይዞት ነበር፣ አመለጠው። ካች ከሴቭ ሥር፣ ክሌም ከካች ሥር መሆኑን በወረቀቱ ላይ ታዩታላችሁ። ፓሪና ፐንች ግን ከካች ሥር አይገቡም። ከሱ ጎን ይቆማሉ።

እዚያው ሜዳ ላይ የሚያታልሉ ሦስት ቃላት አሉ። ኔት በኳስ ቋንቋ በመረብ መያዝ ሳይሆን ጎል ማግባት ነው። ባግ ደግሞ ጎል መሰብሰብ ነው፤ ሃትሪክ ባግ ይደረጋል። ትራፕ የመጣን ኳስ በእግር አስቁሞ መቆጣጠር ነው። ወጥመድ የለም፣ አይጥም የለም።

በነገራችን ላይ እዚህ አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይበልጥ ዝርዝር ነው። የተወረወረ ኳስን በእጅ ለመያዝ «ቀለበ» የሚል የተለየ ግሥ አለን። እንግሊዝኛ እዚያ ቦታ ካችን ብቻ ይጠቀማል። ስለዚህ ከአማርኛ ስትነሡ ለቀለበ የተለየ ቃል አትፈልጉ፤ የለም።

ደረጃ 6፦ ካች ብቻ የሚሠራባቸውን ለዩ

ዝርዝር ግሦች ትርጉማቸው ጠባብ ነው። ካች ግን ብዙ ከእጅ የራቁ ሥራዎች አሉበት፤ እዚያ ሌላ ግሥ ብትተኩ ይበላሻል። በሽታ ካች ይደረጋል፤ ካፕቸር አይደረግም። እሳት የተያያዘ ቤትም ካች ይወስዳል። ዓይን መሳብ ካች ነው። ስምህ አልተሰማኝም ለማለትም ካች አላደረግሁትም ይባላል፤ ስልክ ላይ በጣም ይጠቅማል።

ከአማርኛ ጋር የሚጋጨው አቅጣጫው ነው። እኛ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን፤ ያዡ ጉንፋኑ ነው። በእንግሊዝኛ ያዡ ሰውየው ነው፤ ጉንፋኑን እሱ ካች ያደርገዋል። ቀጥታ ገልብጣችሁ ጉንፋኑን ባለቤት ብታደርጉት ሰሚው ፈገግ ይላል። ዝናብ ያዘኝም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው በተገብሮ ይመጣል፤ «ኮት ኢን ዘ ሬይን»።

ኮት ያልሁት የካች ያለፈ ጊዜ ነው። ሲጻፍ ሲ፣ ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች፣ ቲ ነው። ካችድ አይባልም። ከፈረንሳይኛ የመጣ ግሥ እንዲህ ወጣ ያለ ያለፈ ጊዜ መያዙ ብርቅ ነው። ድሮ በእንግሊዝኛ መያዝ ማለት የነበረውን፣ ዛሬ በር መቀርቀሪያ ሆኖ የቀረውን «ላች» ተከትሎ ያገኘው ነው።

ደረጃ 7፦ ለመጻፍ ስትቀመጡ

ከካች ጀምሩ። ዓረፍተ ነገሩን በካች ጻፉና አንባቢው ማወቅ ያለበት ነገር ጎድሎ እንደሆነ እዩ። መረቡ ለታሪኩ ካስፈለገ ኔት አድርጉት። ሕጉ ካስፈለገ አሬስት። ምንም ካልጎደለ ካችን ተዉት፤ ከባድ ቃል መጨመር እንግሊዝኛችሁን አያሳምረውም። ከመረጣችሁት ግሥ ጋር ምን ዓይነት ስም እንደሚሄድ ከተጠራጠራችሁ የመዝገበ ቃላቱን ምሳሌዎች አንብቡ። ከዚያ ጠለቅ ማለት የፈለገ ኮካ የተባለውን የአሜሪካ እንግሊዝኛ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ይሞክር። ከ1 ቢሊዮን በላይ ቃላት አሉት፤ ሲዝ ብላችሁ ፈልጉና ከኋላው የሚመጡትን ስሞች ተመልከቱ።

ካች ጨርሶ የማይገባባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ በወረቀቱ ግርጌ ጻፏቸው። የተወረሰ ዕቃ ሲዝ ነው። በጦር የተያዘ ከተማ ካፕቸር ወይም ሲዝ ነው። በሰሌዳ ላይ በሚጫወቱት ቼስ ደግሞ የተቃዋሚን ወታደር ስትበሉ ካፕቸር ወይም ቴክ ነው የሚባለው።